የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ማንሻ ስለ መምረጥና ብርሃን ስለሚቀበለው ሰሌዳ

በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው የኮርቻዋን ጌጥ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም። ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ይመረምራል፤ በዳገትና በቍልቍለት አስኪዶ ይፈትናታል። ፎቶግራፍ ማንሻ የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቍጥር ያነብና፥ ቍጥሩ የበለጠው መሣሪያ የተሻለ ነው ብሎ ገንዘቡን ሁሉ ከፍሎ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ሕፃኑ ክርስትና በሚነሣበት ቀን፥ ወይም አያት በልጅ ልጆቻቸው ተከበው በተቀመጡበት ማታ፥ ሥዕሉ ጨልሞ ወይም ደብዝዞ ሲወጣ ጥፋቱ ከወዴት እንደ መጣ አያውቅም። መሣሪያው በሌላ ሊለወጥ ይችላል፤ ያ ቀን ግን ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ ዲ ኤስ ኤል አር የተባለውን ዲጂታል ፎቶግራፍ ማንሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዙ ላሰቡ አንባቢዎቻችን፥ ስለ መሣሪያው አሠራርና ስለ አመራረጡ የሚጠቅመውን በዛሬው ዐምዳችን ለመግለጽ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መሣሪያው እንዴት ያያል?

የዚህ መሣሪያ ልዩ ምልክቱ በሆዱ ውስጥ አዘንብሎ የቆመው መስተዋት ነው። ብርሃን በሌንሱ ገብቶ በመስተዋቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ላይ ተመልሶ በተመልካቹ ዐይን ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ሰውየው የሚያየው ሌንሱ ራሱ የሚያየውን ነው። ቍልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ብርሃኑም በስተኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ ይወድቃል። በቀድሞው ካሜራ በዚያ ስፍራ የነበረው ፊልም ሲሆን፥ በዲጂታሉ የተተካው ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው።

ይህም ሰሌዳ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በቤል የምርምር ቤት ሲ ሲ ዲ የተባለውን ዓይነት አገኙ፤ ስለዚሁም ሥራቸው በ2009 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ አንዱን ሥዕል የሚያነሣው በ10,000 ነጥብ ብቻ ሲሆን፥ በካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ኮዳክ በኒኮን ኤፍ 3 አካል ላይ ባለ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ሴንሰር አግጥሞ ለባለሙያዎች አቀረበ። በ2003 ካኖን ኢ ኦ ኤስ 300 ዲ የተባለውን ባለ 6.3 ሚሊዮን ነጥብ መሣሪያ ከ1,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ባወጣ ጊዜ፥ የባለሙያ ብቻ የነበረው ዕቃ ወደ ቤተ ሰብ ገባ።

የማሰሮዎቹ ምሳሌ

ሴንሰር ከሲሊኮን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው። በላዩም ፒክስል የሚባሉ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን የብርሃን መያዣዎች በተርታ ተደርድረውበታል። ነገሩ እንዲገባን፥ በክረምት ጊዜ በግቢ ውስጥ በረድፍ የተቀመጡ ማሰሮዎችን እናስብ። ዝናቡ ብርሃን ነው፤ መዝጊያው ሲከፈት ይዘንባል፥ ሲዘጋ ያባራል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በእያንዳንዱ ማሰሮ የተጠራቀመውን ለክቶ በቍጥር ይጽፈዋል፤ ሥዕሉም የሚወጣው ከእነዚሁ ቍጥሮች ነው። ነገር ግን ማሰሮው የዝናቡን ብዛት እንጂ ቀለሙን አያውቅም፤ ስለዚህ በያንዳንዱ አፍ ላይ ቀይ፥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተደርጎበታል። ብራይስ ቤየር የተባለው የኮዳክ ሊቅ ባወጣውና በ1976 የባለቤትነት መብት በተሰጠው አሰላለፍ፥ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፥ አንዱ ቀይ፥ አንዱም ሰማያዊ ናቸው፤ የሰው ዐይን ከሁሉ ይልቅ ለአረንጓዴ ብርሃን ንቁ ነውና። በያንዳንዱ ነጥብ የጐደለውን ቀለም መሣሪያው ከጎረቤቶቹ አስልቶ ይሞላዋል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የሞላ ማሰሮ ይፈሳል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናትን በቀትር ፀሐይ አቁመን፥ ፊታቸው በደንብ እንዲታይ ብለን ብዙ ብርሃን ብናስገባ፥ ነጠላው ያረፈባቸው ማሰሮዎች ሞልተው ይፈሳሉ። ሽመናውና እጥፋቱ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ይቀራል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ቢደክሙም የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለነጠላው ብለን ብርሃኑን ብንቀንስ ደግሞ ፊታቸው ይጨልማል። የዚህ መድኀኒቱ ውድ መሣሪያ አይደለም፤ እናትን ከፀሐይ አንሥቶ በበረንዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። በዚያ የፊታቸውና የልብሳቸው ብርሃን ይቀራረባል።

ሁለተኛው፥ ጥቂት ጠብታ ብቻ የገባበት ማሰሮ ልኩ አያስተማምንም። ማታ በሠርግ ዳስ ውስጥ ወይም በጧፍ ብርሃን ሥዕል ሲነሣ፥ ወደ እያንዳንዱ መያዣ የሚገባው ብርሃን እጅግ ትንሽ ስለሆነ በሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ ይታያል። አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቍጥር ከፍ ማድረግ ሥዕሉን ያደምቀዋል እንጂ ብርሃን አይጨምርለትም። ድምፁ የሰለለ ሰው በድምፅ ማጉያ ቢናገር ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሳሉም አብሮ እንደሚጎላ፥ ይህም እንደዚሁ ነው።

ስፋት ወይስ ብዛት?

እንግዲህ ዋናው ነገር የተሰበሰበው ብርሃን መጠን ከሆነ፥ የሰሌዳው ስፋት ከነጥቦቹ ቍጥር ይበልጣል ማለት ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር፥ ማለት 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ለጀማሪ በሚሸጡት የካኖን መሣሪያዎች ያለው፥ ኤ ፒ ኤስ ሲ የተባለው፥ 22.3 በ14.9፥ ማለት 332 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የኒኮኑ ከዚህ ጥቂት ይሰፋል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ሴንሰር ግን ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። ስልክ በቀን ብርሃን የሚያምር ሥዕል ያነሣል፤ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ የሚሯሯጥ ሕፃን ወይም ሩቅ ያለ ሰው ለማንሣት ሲፈለግ ግን የመሣሪያው ልዩነት ይገለጣል።

የነጥቦቹ ቍጥርስ? አንድ እንጀራ ለስድስት ሰው ቢቈረስና ለሃያ አራት ሰው ቢቈረስ፥ ቍራሹ ያንሳል እንጂ እንጀራው አይጨምርም። ፒክስል ሲበዛ የሥዕሉ ዝርዝር ይጨምራል፤ በሰሌዳው ላይ የወረደው ብርሃን ግን ያው ነው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሥዕል 6,000 በ4,000 ሲሆን፥ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ቢታተም 50 በ33 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ይህም በእልፍኝ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ያለው ቍጥር ለቤተ ሰብ ብዙ ጥቅም የለውም።

ገንዘቡን በሌንሱ ላይ

ታዲያ ጀማሪው ፉል ፍሬሙን ይግዛ ወይ? እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። ከመሣሪያው ጋራ አብሮ የሚሸጠው የተለመደው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚለው ሲሆን፥ በ55 ላይ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ነው። ይህ ቍጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 የሆነ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚያ ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ሴንሰሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢለወጥ ግን የሚገኘው ትርፍ 2.6 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ርካሽ አካልና ደኅና ሌንስ ያለው ሰው፥ ውድ አካልና ተራ ሌንስ ካለው ሰው ይልቅ በጨለማ ቤት ደስ የሚል ሥዕል ይዞ ይወጣል። ካኖን በ2015 ያወጣው 50 ሚሊሜትርና ኒኮን በ2009 ያወጣው 35 ሚሊሜትር፥ ሁለቱም ኤፍ 1.8፥ ዋጋቸው የማይከብድ ናቸው። በትንሹ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 80፥ 35 ሚሊሜትሩም እንደ 52 ሆኖ ያሳያል፤ ስለዚህ ለጠባብ ክፍል 35ቱ ይሻላል፥ 50ው ለፊት ሥዕል ይስማማል። ቀዳዳው ሲሰፋ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ስለሚጠብ፥ ዘወትር በሰውየው ዐይን ላይ ማነጣጠር ያስፈልጋል።

ካኖንና ኒኮን በ2020 የመጨረሻዎቹን አዳዲስ ዲ ኤስ ኤል አር ካወጡ ወዲህ ሐሳባቸውን መስተዋት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ይህ ለጀማሪ ጉዳት ሳይሆን ትርፍ ነው፤ በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ 3500ና በ2019 የወጣው ካኖን 250 ዲ፥ ሁለቱም ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ፥ በመልካም ይዞታ በሁለተኛ እጅ ይገኛሉና። ነገር ግን ዲ 3500 በአካሉ ውስጥ የማነጣጠሪያ ሞተር ስለሌለው፥ ኤ ኤፍ ኤስ ወይም ኤ ኤፍ ፒ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ሌንስ መግዛት ይገባል።

በሁለተኛ እጅ ለሚገዛ ሰው

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቀጥሎ ያለውን ይመርምር።

አንደኛ፥ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ይጠይቅ፤ የጀማሪ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ለ100,000 ጊዜ ያህል ነው።

ሁለተኛ፥ የሌንሱን ክዳን ሳያነሣ አንድ ሥዕል ለጥቂት ሴኮንድ ያንሣ፤ በጥቍሩ ላይ የሚያበሩ ብዙ ነጥቦች ከታዩ ሴንሰሩ ጉድለት አለበት።

ሦስተኛ፥ ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ያንሣ፤ ጥቍር እድፍ ከታየ አቧራ ገብቶበታል።

አራተኛ፥ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ውስጡን ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየ ሻጋታ ነውና ይተወው።

አምስተኛ፥ ባትሪውና ቻርጀሩ መሥራታቸውን፥ ሜሞሪ ካርዱም በሚገባ መግባቱን ያረጋግጥ።

ከተገዛም በኋላ ሌንስ ሲለወጥ የመሣሪያው አፍ ወደ ታች ይሁን፤ ቦታውም ነፋስ የሌለበት ይሁን። አቧራ ቢገባ በአፍ እፍ አይባልም፤ እርጥበቱ ይጎዳዋልና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ይነፋ። ቁም ነገር ያለውን ሥዕል ራው በተባለው ዓይነት ማስቀመጥ ይሻላል። የተለመደው ጄፔግ ለያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፥ ራው 4,096 ወይም 16,384 ይይዛል፤ ስለዚህ የጨለመውን ፊት በኋላ ለማቅናት ሰፊ ዕድል ይሰጣል።

በመጨረሻም፥ ሥዕል የሚነሣው ሊቀመጥ ነው። በአንድ ካርድ ላይ ብቻ የቀረ ሥዕል በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይገልበጥ፥ ከመካከሉም የተመረጠው ታትሞ በአልበም ይግባ። በማሸጊያው ላይ ያለውን ቍጥር ልጆቻችን አይጠይቁንም። የሚጠይቁን፥ የአያታችን ፊት ምን ይመስል ነበር ብለው ነው፤ መልሱንም አሁን፥ እርሳቸው በበረንዳው ጥላ ተቀምጠው ሳሉ ማዘጋጀት ይገባናል።