ቅጹ ተተርጉሟል፤ የዜግነት ዕውቀቱስ?

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎች በየዓመቱ ድምፅ ይሰጣሉ። የሚመርጡት በትምህርት ቦርዱ ውስጥ ከአዋቂዎቹ አባላት ጎን የሚቀመጠውን የተማሪዎች ተወካይ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ የትምህርት ቦርድ ምን እንደሆነ ገና በ12 ዓመቱ ይሰማል። ወላጆቹ ግን ቦርዱ መኖሩን የሚረዱት አብዛኛውን ጊዜ የልጃቸው ትምህርት ቤት ሲቀየር ነው። ይህ የሚሆነው ለፖለቲካ ግድ ስለሌላቸው አይደለም፤ እንዲያውም ማታ ማታ ሰዓታት ሙሉ ዜናና ትንታኔ ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት ግን ስለ አዲስ አበባ እንጂ ስለ ሮክቪል አይደለም። ትምህርት ቤቱና መገናኛ ብዙኃኑ በአንድ ጣሪያ ሥር የማይተዋወቁ ሁለት ዓይነት ዜጎችን እየቀረጹ ነው።

የማኅበረሰቡ የቋንቋ መብት ትግል እስካሁን ያስገኘው ውጤት የሚናቅ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 ከመቶ ወይም 500 ሰው (ከሁለቱ የሚያንሰው) አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ ማዘጋጀት አለበት። አማርኛም የዚህ ሕግ ተጠቃሚ ነው። የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚልኳቸውን ደብዳቤዎች በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ችግሩ ይህ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪውን ተገልጋይ አድርጎ መመልከቱ ነው። ተገልጋይ ቅጽ ይሞላል፤ ዜጋ ደግሞ ቅጹ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተዘጋጀ ይጠይቃል። የሕዝብ አስተያየት መድረክ ማስታወቂያ ጥርት ባለ አማርኛ ቢተረጎምም፣ መድረኩ ምን ሥልጣን እንዳለውና እዚያ የሚሰጥ የሦስት ደቂቃ አስተያየት ምን ሊለውጥ እንደሚችል ለማያውቅ ሰው ወረቀት ብቻ ነው።

በፌዴራል ደረጃ ክፍተቱ ይሰፋል። የምርጫ መብት ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሻሻል የተጨመረው አንቀጽ 203፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌሎች ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ ያስገድዳል። ይሁንና «የቋንቋ አናሳ» ብሎ የሚያውቃቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን፣ የአላስካ ተወላጆችን፣ የእስያ አሜሪካውያንንና የስፓኒሽ ተናጋሪ ማኅበረሰቦችን ብቻ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር የቱንም ያህል ቢያድግ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አይገባም። ትርጓሜውን መለወጥ የሚችለው ኮንግረስ ነው፤ ሆኖም ግዛቶችና ካውንቲዎች በራሳቸው ሥልጣን ከዚህ ያለፈ እንዳይሠሩ የሚከለክላቸው የለም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸደቀችው ሕግ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ስትፈቅድ መብቱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ደረሰ።

በመገናኛ ብዙኃን በኩል የሆነው ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ አገልግሎት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር። የጣቢያው ቻርተር የአሜሪካን ተቋማትና ፖሊሲዎች ለአድማጭ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል፤ ጣቢያው የተቋቋመው በውጭ አገር ላለ አድማጭ ቢሆንም በዚህ የሚኖረውም ይከታተለው ነበር። በማርች 2025 ጣቢያው በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ሥራውን እንዲያቆም ሲደረግ፣ የአሜሪካን የመንግሥት አሠራር በአማርኛ የሚያስረዳ ልምድ ያለው የዜና ክፍልም አብሮ ተዘጋ። የቀረው በአብዛኛው ዩቲዩብ ነው። በዚያ ገቢ የሚገኘው ከተመልካች ብዛት ስለሆነ፣ ስለ ካውንቲ በጀት የሚሠራ ፕሮግራም ስለ ጦር ግንባር ከሚወራው ጋር ሊወዳደር አይችልም። አዘጋጆቹን መውቀስ ዋጋ የለውም፤ ገበያው የሚከፍለው ለዚያ ነው።

ለዜግነት ፈተና የሚሰጠው ዝግጅትም ክፍተቱን አይሞላም። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ለሚያመለክቱ የሚጠኑት ጥያቄዎች ከ100 ወደ 128 ከፍ ብለዋል። ፈተናው የሴናተርንና የአገረ ገዢን ስም ይጠይቃል፤ የትምህርት ቤቱን በጀት የሚወስኑት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተምሮ አሥራ አንዱን እሴቶች በቃሉ የሸመደደ ትውልድ፣ ሸምድዶ ማለፍና ዜጋ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ቀላሉ መነሻ ትምህርት ቤቱ ነው። ሜሪላንድ ተማሪዎች የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ወስደው እንዲፈተኑና 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ታዛለች። አንድ ተማሪ ስለ አካባቢው በጀት የተማረውን በቤቱ ቋንቋ ለቤተሰቡና ለጎረቤቶቹ የሚያስረዳበት ሥራ ከዚህ ሰዓት ሊቆጠርለት ይገባል። ልጅ አዋቂን ማስተማሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጣቶች በአባትና በእናት ዕድሜ ያሉትን ፊደል አስቆጥረዋል። እርግጥ ነው፣ በሆስፒታልና በባንክ ለወላጆቻቸው በማስተርጎም የደከሙ ልጆች ላይ ሌላ ሸክም መጫን አይገባም። ስለዚህ የአማርኛውን ማስረጃ አዘጋጅቶ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ፣ ለተርጓሚውም መክፈል የካውንቲው ግዴታ መሆን አለበት።

ሁለተኛው በር የኬብል ቴሌቪዥን ነው። የ1984ቱ የፌዴራል ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች ከኬብል ኩባንያዎች ገቢ እስከ 5 ከመቶ እንዲያስከፍሉና ለሕዝብ የሚውሉ ቻናሎችን እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱ ለሳምንታዊ የአማርኛ የአካባቢ ዜና ቢመደብ ብዙ ይሠራል። በመንግሥት ቴሌቪዥን ያደገ ተመልካች በመንግሥት ገንዘብ የሚዘጋጅ ዜናን መጠራጠሩ ተገቢ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው አካል በይዘቱ እንዳይገባ ከመጀመሪያው በውል መታሰር አለበት።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥራ አስፈጻሚ የበጀት ረቂቁን እስከ ማርች 15 ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም እስከ ጁን 1 ድረስ ማጽደቅ ይኖርበታል። ሁለቱም ሐሳቦች በረቂቁ ውስጥ እንዲካተቱ ከተፈለገ ለሥራ አስፈጻሚው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መቅረብ ያለባቸው ከክረምቱ በፊት ነው፤ በኤፕሪሉ የሕዝብ መድረክ ላይ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ራሳቸው ተመዝግበው ሊናገሩ ይገባል።