«ተፈጥሮው ነው» ትሉኛላችሁ

«ከርሊማ ሲፈጠርም አስቂኝ ነው» ይሉኛል። ይህችን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ምስጋና ትመስላለች። ግን የሰውን ላብ ከራሱ ላይ ገፍፎ ለፈጣሪ የማስረከቢያ ዘዴ ናት። ሐኪሙ ተምሮ ነው። አናጢው ለምዶ ነው። ተመትቶና ወድቆ የሚያስቀን ሰው ግን «ተፈጥሮው»! ተፈጥሮው ከሆነማ ምን ይከፈለዋል? ዝናብ ስለዘነበ ደመወዝ የሚጠይቅ አለ?

ከርሊ ሃዋርድ ማለት «ዘ ስሪ ስቱጅስ» ከሚባሉት ሦስት አሜሪካውያን ኮሜዲያን መካከል ራሱን የተላጨው ወፍራሙ ነው። ጥፊ የሚጠግበው፣ ዓይኑን በጣት የሚወጉት፣ መሬት ላይ በጎኑ ተኝቶ በእግሩ እየገፋ ክብ የሚዞረው። የትውልድ ስሙ ጀሮም ሆርዊትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ብሩክሊን ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁዳውያን የመጨረሻ ልጅ። ታላላቆቹ ሞ እና ሼምፕ ከእሱ በፊት መድረክ ላይ ወጥተዋል።

እስቲ ያን አረማመዱን ልብ በሉ። ያ «በተፈጥሮው» የሚያስቀው አረማመድ! ልጅ ሳለ ጠመንጃ ባርቆበት ግራ ቁርጭምጭሚቱን መታው። ሞ ነው ሆስፒታል ያደረሰው። ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ ተወው፤ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ። ካሜራ ፊት ሲቆም ማንከሱ እንዳይታወቅበት አረማመዱን አጋነነው። እናንተ የምትስቁለት ነገር አንድ አካሉ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ለመደበቅ የፈለሰፈው ጥበብ ነው። በ1928 የአንድ የሙዚቃ ባንድ አስቂኝ መሪ ሆኖ፣ ሙሉ ልብሱ እየተበጣጠሰ ከላዩ ላይ እየረገፈ ሠርቷል። በ1932 ሼምፕ ከቡድኑ ሲወጣና ሞ ታናሽ ወንድሙን ሲያቀርብ፣ የቡድኑ አለቃ ቴድ ሂሊ «ይሄ ምኑ ያስቃል?» የሚል ፊት ነበር ያሳየው። ከርሊ ያኔ ሙሉ ጸጉርና ያማረ ሪዝ ነበረው። ሄዶ ሁለቱንም ተላጭቶ መጣ። ሴቶች ከእንግዲህ አያዩኝም ብሎ እያዘነ፣ ከመድረክ ውጭ ባርኔጣ እየደፋ ኖረ። ይህ ተፈጥሮ ነው? ይህ ምላጭ ነው!

የሚናገረው ቃል ሲጠፋበት ደግሞ ቀረጻ አያቋርጥም ነበር። መሬት ላይ ይዘረጋና ቃሉ እስኪመጣለት ይሽከረከራል። ፊልም ውድ ነው፤ ጊዜ የለም፤ ሰውየው በሁለት ሰከንድ ውስጥ አዲስ ነገር ይፈጥራል። የድራማ ተዋናይ ይህን ቢያደርግ መጽሐፍ ይጻፍለት ነበር።

ጨዋዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። በጥፊ መሳቅ የመሃይም ነው ይላሉ። ኮሜዲ አስተማሪ መሆን አለበት፤ መልእክት ይኑረው፤ ማኅበራዊ ሂስ ይኑርበት። አንድ ምሽት የተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቤት ይህንኑ ስብከት ሰማሁ። ሰባኪው ራሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጆቹ የሚያዩት ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ፣ አንዱ ሌላውን በመጥበሻ ሲያቀልጠው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቅ አየሁት። ማየቴን ሲያውቅ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? እኛ ለነገሩ አዝማሪውን ሠርግ ላይ ጠርተን፣ እስኪነጋ አስጨፍረን፣ ለጋብቻ ሲመጣ «የአዝማሪ ዘር» ብለን የምናባርር ሰዎች ልጆች ነን። በሰው እየተዝናኑ ሰውየውን መናቅ ሆሊውድ ብቻ የፈጠረው ነውር አይደለም።

መልእክት ካላችሁ መልእክትም ነበራቸው። ብዙዎቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሂትለርን በፊልም ለመንካት ገና ሲያመነቱ፣ በጃንዋሪ 1940 ሞ የሂትለርን ሪዝ ለጥፎ፣ ከርሊ የሜዳሊያ መዓት ደረቱ ላይ ደርድሮ «ዩ ናዝቲ ስፓይ» በተባለው ፊልም ናዚዎችን መሳቂያ አደረጓቸው። የቻፕሊን «ዘ ግሬት ዲክታተር» የወጣው ከወራት በኋላ በኦክቶበር ነው። ግን ይህን ጥብቅና ይዤ ልቆም አልፈልግም። ለምን ልቁም? ሰው በትክክለኛው ቅጽበት፣ በትክክለኛው ጎኑ፣ አጥንቱ ሳይሰበር መውደቁ በቂ ሥራ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ሳይሰበር አይደለም፤ በ1935 ሞ ጠረጴዛ ከሥሩ ተቆርጦበት ወድቆ የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ተነሥቶ ጥፊውን አሳርፎ ትዕይንቱን ጨረሰና ራሱን ሳተ። አሁን «ቧልት ነው» በሉኝ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ንቀቱ የሚከፈለው እዚያ ነውና።

በ1934 ከኮሎምቢያ ፒክቸርስ ጋር ተዋዋሉ። በዚያው ዓመት የሠሩት አንድ አጭር ፊልም ለኦስካር ታጨ፤ አላሸነፈም። ቡድኑ እስከ መጨረሻው 190 አጫጭር ፊልሞች ሠራ፤ ከርሊ በ97ቱ ላይ ሦስተኛው ሰው ነበር። ሕዝቡ አበደላቸው። የስቱዲዮው አለቃ ሃሪ ኮን ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ስለሚያውቅም የእነሱን ፊልም ለሚፈልግ የሲኒማ ቤት ባለቤት «መጀመሪያ እነዚህን የማይረቡ ረጃጅም ፊልሞቼን ውሰድ» ይል ነበር። የእነዚህ የተናቁ ሰዎች ጥፊ የስቱዲዮውን ገዢ ያጡ ፊልሞች ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ለራሳቸው ግን ምን ይባላሉ? «የአጭር ፊልም ገበያ እየሞተ ነው። ዕድለኞች ናችሁ። ለአንድ ዓመት እናድስላችሁ።» በየዓመቱ! ሦስት ሰዎች በየዓመቱ መጨረሻ እንጀራቸው እንዳይቆረጥ እየፈሩ፣ ያችኑ አሮጌ ደመወዝ አመስግነው ፈረሙ። ዋጋቸውን ያውቁ ዘንድ የነገራቸው አልነበረም። ሰውን መዝረፍ ከፈለግህ መጀመሪያ ርካሽ እንደሆነ አሳምነው። ጨዋዎቹም በነጻ ያግዙሃል።

ከዚያ በሽታው መጣ። በጃንዋሪ 1945 ከርሊ ሳንታ ባርባራ ሆስፒታል ገባ። የደም ግፊቱ አሻቅቦ፣ ዓይኑ ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ክብደቱ ከልክ አልፎ። ሞ ለኮን ወንድሜን አሳርፍልኝ ብሎ ለመነ። አይሆንም ተባለ። በ1945 መገባደጃ ላይ ከቀረጻ የጥቂት ወራት ፋታ ሲያገኙ ምን አደረጉበት? ሁለቱን ወር ኒው ዮርክ ሄደው በሳምንት ሰባት ቀን መድረክ ላይ ሠሩ። እዚህ ላይ ሞን ነጻ አላወጣውም፤ የታመመ ወንድም ይዞ መድረክ አይወጣም። ግን ለአሥር ዓመት «ነገ ትባረራለህ» ሲባል የኖረ ሰው ዕረፍት የሚባል ነገር እንዴት ያምናል?

«ይጠጣ ነበር» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይጠጣ ነበር። አራት ጊዜም አግብቷል። ታዲያ? የድራማ ተዋናይ ጠጥቶ ሲሞት «የተሠቃየች ነፍስ» ብላችሁ ግጥም ትጽፋላችሁ። ጥፊ የሚበላው ሲሞት «ራሱ አመጣው» ነው? ወይም ደግሞ ከንፈራችሁን ትመጥጣላችሁ፦ «አስቂኝ ሰው ውስጡ ያለቅሳል።» ከዚህ የባሰ ስንፍና አላውቅም። የሰውየው የደም ግፊት ሚስጥራዊ ሐዘን አልነበረም። የሥራ ሰዓት ነበር፤ ውል ነበር፤ «አይሆንም» ያለ አለቃ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ፊልሞቹን እዩ። አሉ፤ ማየት ነው። ያ ቀጭን ጩኸቱ ሰልሏል። ቃሉን በግድ ያወጣል። እግሩ ይዘገያል። ቃል በቃል እየተነገረው የተቀረጸባቸው ቦታዎች አሉ። እንግዲህ ያ «ተፈጥሮ» የት ሄደ? የት ይሄዳል፤ ጥበቡ ጡንቻው ውስጥ ነበር፤ ትውስታው ውስጥ ነበር፤ ሲደክሙ አብሮ ደከመ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ሜይ 6 ቀን 1946። እየቀረጹት ያለው ፊልም ማሳረጊያ ኬክ በኬክ የሚፈናከቱበት ትዕይንት ነው። ከርሊ በዳይሬክተሩ በጁልስ ዋይት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ተጠራ። አልመለሰም። ሞ ሲሄድ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ አፉ ተጣሟል፤ መናገር አልቻለም፤ እንባው ይወርዳል። ስትሮክ ነው። ሞ ለዋይት በጆሮው ነገረው። ወንድምየው ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ የእሱ ድርሻ ለሞ እና ለቡድኑ ባልደረባ ለላሪ ፋይን ተከፋፈለ፤ ኬኩ ተወረወረ። በቦታው ለነበሩት አብዛኞቹ ተዋንያን የነገራቸው የለም። የዚያ ቀን የኬክ ውርወራ ደግሞ ተቆርጦ በኋላ በወጡ ሌሎች ፊልሞች ውስጥ ተመልሶ ገባ። ምንም አይባክንማ!

ሼምፕ ሳይወድ በከርሊ ቦታ ተተካ። ከርሊ በ1947 ጸጉሩን አሳድጎ በአንድ ፊልም ላይ ባቡር ውስጥ እንደተኛ ተሳፋሪ ለቅጽበት ብቅ አለ፤ በጃንዋሪ 1952 በ48 ዓመቱ ሞተ። ሼምፕም በ1955 ተከተለው። ስቱዲዮው ሐዘን ተቀመጠ? በውሉ መሠረት የሚቀሩ አራት ፊልሞች ነበሩ። የድሮ ቁርጥራጭ ፊልም ተሰበሰበ፤ ጆ ፓልማ የተባለ ተዋናይ የሟቹን ልብስ ለብሶ ጀርባውን ለካሜራ ሰጠ፤ ተቀረጸ፤ ተሸጠ። ሞተውም አልተባረሩም፤ በሕይወት ያሉት ናቸው የተባረሩት። በ1957 የአጫጭር ፊልሞቹ ክፍል ተዘጋና ተሰናበቱ። ሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወዳጆቹን ሊሰናበት ቢመጣ ዘበኛው በሩ ላይ እንደመለሰው ራሱ ተናግሯል። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራበት በር።

ወዲያው በ1958 ፊልሞቹ ለቴሌቪዥን ተቸበቸቡ። የአሜሪካ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከርሊን ማየት ጀመሩ። «እየሞተ ነው» የተባለው ገበያ ይኸው! ለተዋንያኑ ግን በድጋሚ ለሚታየው ሰባራ ሳንቲም የለም። በ1960 ተዋንያን ሥራ አቁመው ለድጋሚ ስርጭት ክፍያ ሲያገኙ፣ ስምምነቱ ከዚያ ዓመት ወዲህ ለሚሠሩ ፊልሞች ሆነ፤ ለቀድሞዎቹ የጡረታና የጤና ፈንድ ተሰጥቶ ክርክሩ ተዘጋ። ከርሊ ደግሞ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ አልነበረውም።

ከዚያ ክብሩ ተንጋግቶ መጣ። በ1983 ሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ ኮከብ ተነጠፈላቸው፤ ሞ፣ ላሪ፣ ከርሊ፣ ሼምፕ ሁሉም ከሞቱ በኋላ። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከርሊ ቦክሰኛ የሚሆንበትን የ1934 ፊልም «ፓንች ድራንክስ»ን ለትውልድ ከሚጠበቁ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ኮከብና ዝርዝር ርካሽ ነው። ለሞተ ሰው ሲሆን ደግሞ ከምንም ይረክሳል።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ አፋችሁ ላይ አድርሳችሁ የዋጣችሁት ነገር ነው። ማታ ማታ በስልካችሁ የእኛን የሞቱ ኮሜዲያን ቁራጭ ቪዲዮ እየተቀባበላችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ ትስቃላችሁ። ጥሩ። ሳቁ። ከዚያ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከታች የለጠፈውን ሰው ስም አንብቡና ጠይቁት፦ አንተ ማነህ? ከማን ገዛኸው? ለልጆቹስ ስንት ሰጠሃቸው?