«ስታድግ ልክህ ይሆናል»

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ያገለገለ ሳይክል ገዙልኝ። ጎማው 28፣ ፍሬሙ ለእሳቸው ለራሳቸው እንኳ የሚተልቅ ነበር። ኮርቻው ላይ ስቀመጥ እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። ቅሬታዬን ሳሰማ መልሳቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ስታድግ ልክህ ይሆናል!» ዩኒፎርሙም ጫማውም በዚሁ ሕግ ይገዛ ስለነበር አልተከራከርኩም።

እናም አንድ እግሬን ከላይኛው ብረት ስር አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ መንዳት ተማርኩ። ሜዳ ላይ ያስኬዳል። ጎንደር ግን ሜዳ አይደለችም። ከመሀል ከተማ ወደ አዘዞ ሲወረድ ሳይክሉ ራሱ ይሮጣል። አንድ ቀን እንደዚያ ተጣምሜ ስወርድ ፍሬኑን ልይዝ ብል ጣቴ አልደርስ አለ። ግራ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ዛገ። እንደተባለው አደግሁ፤ ለሳይክሉ የሚበቃ ቁመት ግን አላወጣሁም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን እህቴ ለአሥር ዓመት ልጇ ሳይክል ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት መሄዴ ነው። ሻጩን «ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኩት። «26» አለኝ። «የፍሬሙስ?» ስለው ግራ ተጋብቶ አየኝ። አልፈርድበትም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

26 የሚባለው የጎማው ቁጥር ነው፤ በኢንች። ለልጆች ሳይክል የጎማው ቁጥር ጥሩ ምልክት ነው። ለአዋቂ ግን አይበቃም። ሁለት ባለ 26 ሳይክሎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ለአጭር፣ ሌላው ለረጅም ሰው የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ልኩን የሚወስነው ፍሬሙ ነው፤ ፔዳሉ ከሚዞርበት እምብርት እስከ ኮርቻው ዘንግ መግቢያ ቱቦ አናት ድረስ ያለው ርዝመት።

ኢኮኖሚክስ ስንማር የጆርጅ አከርሎፍን ስም ሳንሰማ አንመረቅም። በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ ጻፈ። በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። የእኛ የሳይክል ገበያ ይብሳል። ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ «ኦሪጅናልነቱ» ግማሽ ቀን እንከራከራለን፤ ልኩ ግን አይነሳም። የሚገርመው፣ ኮርቻ ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ካቴናም ይቀየራል። ፍሬም ከተቀየረማ ሌላ ሳይክል ገዛህ ማለት ነው።

ልክን ለማወቅ ደግሞ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መሀል አስገብታችሁ ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪሰማችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ ይለካ። የእኔ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአስፋልት ሳይክል ይህን በ0.65 እስከ 0.67 ማባዛት ነው፤ ከ53 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለተራራ ሳይክል በ0.57 ሲባዛ 47 ገደማ፣ ማለትም 18 ኢንች ተኩል የሚጠጋ ይሆናል። ሒሳቡ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ቀጥሎ ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሀል አድርጋችሁ ቁሙ። ከላይኛው ብረት እስከ ገላችሁ ለአስፋልት ሳይክል ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ለተራራ ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ ክፍተት ካልተረፈ፣ በቃ፣ የእናንተ አይደለም።

«ይሄ የጽጋቡ ግርማይ ዓይነት ተወዳዳሪ ጣጣ ነው» የሚሉኝ አሉ። ጽጋቡ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ እሱ በውድድር ዘመኑ በባለሙያ ይለካ ነበር፣ ሲያመው ሐኪም ነበረው። ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ዳገቱን በሳይክል የሚገፋ መምህር ወይም ነጋዴ ግን ማን አለው? አየሩ ስስ ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይናጣል፣ ጉልበትም ከኋላ ይያዛል። ልክ ያልሆነ ሳይክል ይበልጥ የሚጎዳው አማራጭ የሌለውን ነው።

ሌላው ክርክር ይከብዳል፤ «ገበያው ላይ ያሉት ሦስት ሳይክሎች ናቸው፣ ምን መርጬ?» እውነት ነው። እንግዲያው በሁለት መሀል ከተቸገራችሁ ትንሹን ውሰዱ። የትንሹን ኮርቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዘንጉ ላይ ካለው የመጨረሻ ምልክት ግን አታሳልፉት። የትልቁን ፍሬም የሚያሳጥር መካኒክ የለም። ሦስቱም ካልሆኑ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤት መመለስም ምርጫ ነው። ርካሽ ሆኖ ግድግዳ የሚደገፍ ሳይክል ርካሽ አይደለም።

እህቴ በመጨረሻ ለልጇ ባለ 20 ጎማውን ገዛች። ተቀምጦ እግሩ መሬት ይነካል፣ ጣቶቹ ፍሬኑን ይጨብጣሉ። አባቴ ሳይክሉን ዞር ብለው አዩና «ይሄማ በሁለት ዓመት ያጥረዋል» አሉ።

«ያን ጊዜ ይሸጣል አባባ» አልኳቸው። ልኩ የሆነ ልጅ ሲነዳው የከረመ ሳይክል ገዢ አያጣም። የእኔን ግን ማንም አልገዛውም። ዛሬም ጓሮ አለ።