ኔጌቲቩስ የት አለ?

በአገራችን በብዙ ቤት የሳሎኑን ግድግዳ የሚያስጌጡት ፎቶግራፎች ናቸው። የሠርጉ፥ የክርስትናው፥ የምረቃው፥ ከዚህ ዓለም የተለዩት አያት ካባ ደርበው የተነሡት፥ ሁሉም በመስተዋትና በፍሬም ተከብሮ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣም አልበሙ ከቁም ሣጥን ወጥቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይገለበጣል። ይህን ልማድ የሚነቅፍ ሰው የለም፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን የቤቱን ባለቤት «የዚህ ፎቶግራፍ ኔጌቲቭ የት አለ?» ብለን ብንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «እሱማ የት ተጥሎ ይሆን?» የሚል ነው።

በፊልም ዘመን ያልኖረ የዛሬ ተማሪ ኔጌቲቭ ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ስለሚችል ባጭሩ ልግለጸው። በካሜራው ውስጥ ብርሃን የነካው ፊልም በመድኃኒት ሲታጠብ ብርሃን የበዛበት ስፍራ ይጠቁራል፤ ብርሃን ያልደረሰበትም ጠርቶ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት በኔጌቲቩ ላይ ከል የለበሰች ትመስላለች፤ ጥቁር ጠጕሯም እንደ ሽበት ይነጣል። በወረቀት የሚታተመው ፎቶግራፍ የዚህ ግልባጭ ነው። ወረቀቱ ቢቀደድ ከኔጌቲቩ ደግሞ ደጋግሞ ማሳተም ይቻላል። እንግዲህ ዋናው ኔጌቲቩ፥ ቅጂው ወረቀቱ ሆኖ ሳለ፥ ቅጂውን በፍሬም አክብረን ዋናውን ከኮርኒስ በላይ መወርወራችን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የአያቴ ታናሽ ወንድም በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደ ወጣ ቀርቷል። የነበሩትን ፎቶግራፎች ቤተሰቡ በዚያው ሰሞን በፍርሃት ስላቃጠላቸው ከእሱ የተረፈ አንድም ምስል አልነበረም። ባለፈው ክረምት አያቴ በአንድ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ያኖሯቸውን ቁርጥራጭ ፊልሞች በመስኮት ብርሃን አንድ ባንድ ስናይ፥ ለመታወቂያ የተነሣ አንድ የጉርድ ፎቶግራፍ ኔጌቲቭ ተገኘ። ፊቱ ጥቁርና ነጩ ተገልብጦ ስለነበር እኔ ማንነቱን ልለይ አልቻልሁም። አያቴ ግን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ጆሮው፤ ጆሮው የሱ ነው» አሉ። ወረቀቱን ያቃጠለው እጅ ቁርጥራጩን ፊልም ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ብቻ ተረፈ። ይህ ግን ዕድል እንጂ ጥበቃ አይደለም።

ኔጌቲቭን የሚያጠፉት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ኮርኒስ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት ይበርዳል፤ የአልጋ ሥር ሻንጣ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ይረጥባል፥ ሻጋታም ያበቅላል። የሻገተ ፊልም በውኃ ቢጠረግ ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ሊሟሟ ስለሚችል ውኃ አይንካው። ሊቃውንቱ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 ከመቶ ቢሆን ይሻላል ይላሉ፤ መለኪያው በየቤቱ ስለሌለ ግን ከውጭ ግድግዳና ከወጥ ቤት የራቀ የቁም ሣጥን መካከለኛ መደርደሪያ ይበቃል። በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጡም አሉ። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ውስጡ ላብ የሚያወጣ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣልና ለእኛ ቤት አልመክረውም።

ጣሳውን ስንከፍት አንዳንዱ ፊልም አቼቶ አቼቶ ይሸት ነበር። ይህ ሽታ የቆሻሻ አይደለም። አሴቴት ከተባለው ነገር የተሠራ ፊልም ሲያረጅ አሲድ ያወጣል፤ ይኮማተራል፥ ይጣመማልም። ክፋቱ፥ የሚወጣው ትነት አጠገቡ ያለውንም ፊልም ማበላሸቱ ነው። ስለዚህ የሚሸተውን ከማይሸተው ለይቶ ማኖር፥ አስቀድሞም እሱን መገልበጥ ያስፈልጋል። ከዚህም የሚያስፈራው ናይትሬት የተባለው አሮጌ ፊልም ነው፤ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1951 መሥራቱን አቁሟል። በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከከሰል ምድጃ አጠገብ ጨርሶ መገኘት የለበትም።

ስለ መጠቅለያው ደግሞ፥ ጋዜጣ አሲድ አለበት፤ ላስቲክም በውስጡ ያለው ድኝ ምስሉን የሠራውን ብር ያጠቁራል። የሚያጣብቅና የሚሸት ፕላስቲክ፥ ይኸውም ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው፥ አይሁን። የዛሬው ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በብዙው አሲድ የሌለበት ስለ ሆነ እሱን በፖስታ መልክ አጥፎ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቁራጭ ፊልም ማኖር ይቻላል። ጽሑፉ ፊልሙ ሳይገባ በእርሳስ ይጻፍ፤ ፊልሙም በጠርዙ ይያዝ እንጂ ጣት ገጹን አይንካው።

በአደራደሩ ነገር ከብዙ ሰዎች አሳብ እለያለሁ። «የአባባን ለብቻ፥ የእትዬን ለብቻ» ብለው በሰው በሰው የሚከፋፍሉ አሉ፤ መልካም ይመስላል፥ ነገር ግን ይጎዳል። በአንድ ፊልም ላይ የተነሡት 36 ምስሎች አንዱ ሌላውን ይመሰክራሉ፤ አምስተኛው የጥምቀት በዓል ከሆነ ስድስተኛው ከዚያ በፊት ሊነሣ አይችልም። አንድ ሰው ብቻ የሚታይበትን ቆርጦ ያወጣ ይህን ምስክር ይገድላል። ስለዚህ ፊልሙ በፊልምነቱ ቁጥር ይሰጠው፤ የሰዎቹ ስም በደብተር ይጻፍ።

ዓመተ ምሕረቱም ጣጣ አለው። በአንድ ፖስታ ላይ «62» የሚል ብቻ ተጽፎ አገኘን። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ንጉሡ ሊወርዱ አራትና አምስት ዓመት ሲቀራቸው ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን 1954 ወይም 1955 ዓ.ም. ይሆናል። ሰባት ስምንት ዓመት ልጅን ጐልማሳ ያደርጋልና፥ የምንጽፍ ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለን ለይተን እንጻፍ።

ታላቅ ወንድሜ «ሁሉንም በስልክ ገልብጠን ፊልሙን እንጣለው» ይላል። መገልበጡን እደግፋለሁ፤ ከኋላው ነጭ ብርሃን አብርቶ በስልክ ማንሣትና ቀለሙን መገልበጥ ቀላል ነው። መጣሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስልክ ይሰረቃል፥ ይሰበራል፥ ምሥጢር ቁጥሩ ይረሳል። ኔጌቲቭ ግን ለማየት ዐይንና የመስኮት ብርሃን እንጂ ሌላ መሣሪያ አይሻም፤ ጥቁርና ነጩ በደንብ ከታጠበና ከተጠበቀ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል። የቀለሙ ፊልም በጨለማም ቢቀመጥ ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ መጀመሪያ የሚገለበጠው እሱ ይሁን።

«የኛ ቤት ፎቶ ለማን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ኢትዮጵያ ቀደምት ፎቶግራፎች ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን ያሳያል። በዚያ ዘመን ካሜራው በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎችና በውጭ አገር መንገደኞች እጅ ስለነበር በጊዜው ምስል የምናየው ይልቁንም መሳፍንቱን፥ ወታደሩንና ከተማውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የተራው ሰው ኑሮ፥ የሰፈሩ ልጅ፥ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን፥ የቀበሌው ሠርግ፥ ያለው በየጣሳው ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ክበባት በመጪው ክረምት አንድ ነገር እንዲሞክሩ አሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን ኔጌቲቭ ይፈልግ፤ አያቱን ወይም ጎረቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠይቅ። ወረቀቱና ፖስታው ዘግይቶም ይገዛል፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን አይጠብቁንም። በእኛ ጣሳ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል አያቴ እስካሁን የነገሩኝ የአሥራ ዘጠኙን ስም ነው፤ ከጉርድ ፎቶግራፉ ቀጥሎ ባለው ቁራጭ ላይ በአጥር አጠገብ የቆመችውን ልጅ ግን እሳቸውም አላወቋትም።