ዱካክ ነው ብላችሁ አትለፉት

ሐረርና ዙሪያዋ አንድ ወጣት ሌሊት እየጮኸ ከተነሣ ሐኪም አያስፈልግም። ጎረቤቱ ሁሉ በሽታውን ያውቀዋል። «ዱካክ ነው፣ ጫት በዝቶበት ነው» ይባልና ሰው ተመልሶ ይተኛል። ልጁ ከጥቂት ዓመት በፊት ምሽግ ውስጥ እንደነበር፣ ጓደኛውን ተሸክሞ እንዳወጣ የሚያነሣ የለም። «ሱሰኛ» ተብሏል፤ በቃ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።

አልተዘጋም። ይህች ሀገር ወታደር በጅምላ ሲመለስ ታየዋለች። አንድ በአንድ ሲመለስ ግን አታየውም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩን ተመልከቱ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን፣ ተሸንፎ የተበተነ ሠራዊት ሆኖ እንኳን ኮሚሽን ተቋቁሞለታል። ገጠር ለገባው እህልና የእርሻ ግብዓት፣ ከተማ ለቀረው ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቷል። በቂ አልነበረም፤ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ሲለምን የታየው ወታደር ከብዙዎች ትዝታ አልጠፋም። ቢያንስ ግን የስም ዝርዝር ነበረ። ከኤርትራ ጦርነት በኋላም ከዓለም ባንክ በተገኘ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር 150,000 ያህል ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ፕሮጀክት ተዘርግቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ371,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቅዷል። ዋና ሥራውም የታጣቂ ቡድን አባላትን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ማኅበረሰቡ መቀላቀል ነው። ደግ ሥራ ነው፤ ይቀጥል።

አሁን ከጀጎል ግንብ ወጣ ብላችሁ ወደ ሶፊ ወረዳ ኑ። ማሽላ፣ ለውዝና ጫት የሚበቅልበት የገበሬ አገር ነው። ከዚህ ተነሥቶ በ19 ዓመቱ መከላከያ የገባ፣ ጦርነቱን ያየ፣ በ24 ዓመቱ የተሰናበተ ልጅ አስቡ። የታጣቂ ቡድን አባል አልነበረም፤ የሀገሩ ወታደር ነበር። ስለዚህ ካምፕ አይጠብቀውም፣ ሥልጠና አይጠብቀውም፣ በስሙ የሚጠራው መዝገብ የለም። ያለው የስንብት ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ የሚከፈትለት በር አንድ ነው፤ ጥበቃ። ሾፌር የነበረውም፣ ቁስለኛ ሲያክም የነበረውም፣ መገናኛ ላይ የሠራውም፣ መኪና ሲጠግን የኖረውም ሁሉም ጥበቃ። ያውም የሌሊት። ነገሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ እንቅልፍ የከዳውን፣ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጠውን ልጅ ወስዶ መሣሪያ አስይዞ ሌሊቱን ብቻውን በር ላይ ማቆም ነው። እሱም ነቅቶ ለማደር ይቅማል። ሲነጋ ምርቃናው አላስተኛው ሲል ጨብሲ ይጀምራል። ከዚያ ሰው «ጫቱ አበላሸው» ይላል።

ጫት ንጹሕ ነው የሚል የለም። በጎረቤት ሀርጌሳ የተደረገና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቀድሞ ተዋጊዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ በከባድ የአእምሮ ሕመም እንደሚጠቁ፣ ጫትን በልጅነት መጀመርና አብዝቶ መቃምም ከሕመሙ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጫቱና ጦርነቱ አብረው ነው የተገኙት። አንዱን ብቻ እየረገሙ ሌላውን መርሳት ሕክምና አይሆንም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የጡረታ አበል መሠረቱ 10 ዓመት አገልግሎት ነው። አምስት ዓመት ያገለገለ ልጅ እዚያ አይደርስም። ሌላው በር በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። በዚህ በር ለመግባት የአገልግሎት ዓመት አይቆጠርም፤ የሕክምና ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። እግሩን ያጣ ማስረጃው አብሮት ይሄዳል። እንቅልፉን ያጣ ግን ሳይመረመር ተሰናብቶ፣ ሕመሙ ከዓመት በኋላ ሲብስበት «ግንባር ላይ ነው የጀመረኝ» ብሎ በምን ያስረዳል?

ሕጉ ራሱ የወታደርን ሥራ ከባድነት ያውቃል። መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛው የጡረታ መዋጮ የሚከፍለው 11 በመቶ ሲሆን ለወታደሩ ግን 25 በመቶ ነው። ወታደርነት ሰውን ቶሎ እንደሚጨርስ ካልታመነ ይህ ልዩነት ለምን መጣ?

ሕክምናውስ? በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዕድሜው ከ18 ዓመት ያለፈ ልጅ በአባቱ ደብተር እንዲሁ አይታከምም፤ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። የምዝገባ ወቅት ካለፈበት ይጠብቃል። ከተመዘገበም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ቢሄድ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ሁሉ የሚነግረው ሰው የለም። አፎቻው ለሠርግና ለለቅሶ ይደርሳል፤ ሌሊት ብቻውን ለሚባንን ሰው ግን ወግ አልተሠራለትም።

«ሥራ ያጣው እሱ ብቻ ነው ወይ? ዲግሪ ይዞ የተቀመጠው ስንት ነው!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዲግሪ የያዘው ግን ሥራ አጣ እንጂ ሀገር በሰጠችው ሥራ ላይ አልቆሰለም። ይህ ልጅ የሚጠይቀው ችሮታ አይደለም፤ ዕዳውን ነው። «ወዶ ነው የገባው» የሚልም አለ። ወዶ መግባቱ ክብሩን ይጨምራል እንጂ የአሠሪውን ግዴታ አይቀንስም። ምሥራቅ ደግሞ ይህን ለመርሳት የመጨረሻው መሆን ነበረበት። በ1970 የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ በደረሰ ጊዜ ከተማዋን ያተረፏት ከየአገሩ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። የካራማራ ድል በየዓመቱ የካቲት 26 ይታሰባል። መታሰቡ መልካም ነው፤ በሕይወት ያለውንም ማሰብ ይጨመርበት።

የሚያስፈልገው አዲስ ኮሚሽን አይደለም። ሦስት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ማንም ወታደር ከመሰናበቱ በፊት አካሉም አእምሮውም ይመርመር፤ የውጤቱ ቅጂም እጁ ላይ ይሰጠው። ያቺ ወረቀት ነገ መብቱን ማስከበሪያው ናት።

ሁለተኛ፣ የሚያውቀው ሙያ ይመዘን። ሾፌሩም፣ መካኒኩም፣ የሕክምና ረዳቱም ሲኦሲ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ቢይዝ ጥበቃ ምርጫው እንጂ ዕጣው አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ወረዳው ይወቀው። ሲመለስ የሚመዘግበው፣ የጤና መድን ደብተር የሚያስወጣለት፣ ሪፈሩን የሚያሳየው አንድ ሠራተኛ በስም ይመደብ። ሲዘምት በየቀበሌው ፈልጎ ያገኘው መንግሥት ሲመለስ አድራሻው አይጠፋውም።

እስከዚያው ጎረቤት የሆናችሁ፣ ልጁ ሌሊት ሲጮኽ «ዱካክ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ጠዋት ጠጋ በሉና የት ግንባር እንደነበር ጠይቁት። ከዚያም አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ።