ስኖውማን የሚያውቅ፣ ችቦ የማያውቅ ሕፃን

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በአንዳንድ የአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ጥጥ በረዶ ተብሎ ይለጠፋል። የአራት ዓመት ሕፃናት «ሳንታ»፣ «ስኖውማን»፣ «ሬንዲር» እያሉ በዜማ ይደግማሉ። ገናቸው ግን ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29።

ዩኔስኮ መስቀልን በ2006፣ የሲዳማን ፊቼ ጫምባላላ በ2008፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቧል። ዓለም የመዘገበውን የገዛ አገሩ መዋዕለ ሕፃናት ከቃላት ሰሌዳው ያወጣዋል።

ወላጅ የሚከፍለው ለእንግሊዝኛ ነው የሚል መልስ አለ። ይክፈል! ግን ሕፃን ቃል የሚይዘው ካየው፣ ከነካውና ካሸተተው ነገር ነው። ቄጠማው ቤቱ ተጎዝጉዟል፤ ችቦው ደጁ ላይ ይለኮሳል፤ የቡሄ ሙልሙል እጁ ላይ ነው፤ በዒድ ማለዳ ጎረቤቱ አምሮበት ለሶላት ሲወጣ ያያል። ከበረዶ የተሠራ ሰው ግን የት አይቶ ያውቃል?

እንግሊዝኛው አይቅር፤ ተራውን ይጠብቅ። መጀመሪያ ችቦ፣ ቀጥሎ «ቶርች»። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ እንደሚጠቅመው በግልጽ አስፍሯል።

እናም ወላጅ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ልጅ ለበዓል አያቱ ቤት ሲሄድ በየትኛው ቃል ሊያወራ ነው?