ጉግስ ያለው ሕዝብ የጃፓን ጨዋታ እስኪሸጡለት ይጠብቃል?

ወገን፣ ዛሬ ስለ ጨዋታ ነው የማወራችሁ። ጨዋታ ነው ብላችሁ ግን እንዳትንቁት። ሕጉን የጻፈው ነው ሁሌም የሚበላው።

ጃፓን ውስጥ ሃዶ የሚባል ስፖርት አለ። ሦስት ለሦስት ሆነው ይገጥማሉ። ዓይናቸው ላይ ስክሪን ያለው መነጽር፣ ክንዳቸው ላይ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚያነብ መሣሪያ ያስራሉ። ተጫዋቹ እጁን ወደፊት ሲወረውር የብርሃን ኳስ ይወጣል፤ ክንዱን ሽቅብ ሲያነሳ ጋሻ ይቆምለታል። አንዱ ግጥሚያ 80 ሴኮንድ ነው። ኳሱ የሌለ ነገር ነው፤ ሩጫው፣ ጎንበስ ቀናው፣ ላቡ ግን የእውነት ነው። ደግሞ ከግጥሚያው በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጠውን ነጥብ ያከፋፍላል፦ ለኳሱ ፍጥነት ስንት፣ ለኳሱ ትልቀት ስንት፣ ለጋሻው ስንት። ጉልበት ብቻ ይዞ የመጣ ይሸነፋል።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። የሚወረወር ነገር አለ፣ የሚመክት ጋሻ አለ፣ ማሳደድ አለ፣ ማምለጥ አለ። ይሄ እኮ ጉግስ ነው! የቀረው ፈረሱ ብቻ ነው። ጃፓኖቹ ከእኛ ወሰዱ እያልኩ አይደለም፤ ስለ ጉግስ ሰምተውም ላያውቁ ይችላሉ። እኔን የሚቆጨኝ እኛ ሰምተን፣ አይተን፣ አባቶቻችን ተጫውተውት ሳለ ማናችንም ይህንን አለማሰባችን ነው።

«ባህላችንን ስክሪን ውስጥ ልትቀብሩት ነው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እውነተኛው ጉግስ በሕይወት ያለበት ቦታ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ሂድና የአዊን ፈረሰኞች እይ፤ እነሱን የሚተካ ስክሪን የለም፣ ይተካ ያለም የለም። ግን የኮልፌ ወይም የቂርቆስ ልጅ ፈረስ ከየት ያመጣል? ለእሱ ጉግስ የሚባለው በበዓል ቀን በቴሌቪዥን የሚያልፍ ምስል ነው። በሁለት እግሩ እየሮጠ፣ ዱላውን እየሰነዘረ፣ ጋሻውን እያነሳ የሚጫወተው ነገር ብትሰጠው ግን ስሙንም ሕጉንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ገናንም እንደዚሁ አስቡት። በትሩ ላይ እንቅስቃሴ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ማሰር ነው። (ገና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንልለት ጨዋታ ነው፤ ጀማሪው ልጅ አንጋፋውን ቢያሸንፍ ማንም አይቀየምም።)

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ኪስ የበለጠ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሩሲያ ካዛን ከተማ ላይ «የወደፊቱ ጨዋታዎች» የሚባል ውድድር አዘጋጀች። ከዩክሬኑ ጦርነት በኋላ ብዙ ዓለም አቀፍ መድረክ ተዘግቶባት ነበርና የራሷን መድረክ ከፈተች። ፖለቲካዋን ለራሷ እንተውላት፣ ዘዴውን ግን ልብ በሉ። እዚያ ከታዩት ጨዋታዎች አንዱ ፊጂታል እግር ኳስ ነው፤ ፊዚካልና ዲጂታልን አዳቅለው ያወጡት ስም ነው። ቡድኑ መጀመሪያ በጌም ይገጥማል፣ ቀጥሎ ያው ቡድን ጫማውን አስሮ ሜዳ ይገባል። የሁለቱ ጎል ተደምሮ ነው አሸናፊው የሚለየው። በጌሙ 3 ለ 0 የተመራ ቡድን ሜዳ ላይ 4 ለ 0 ካሸነፈ ጨዋታው የእሱ ነው።

ታዲያ ለዚህ ምን ያስፈልጋል? ፕሌይስቴሽን እና ትንሽ ሜዳ። ሰፈራችሁን እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ዙሩት። ፕሌይስቴሽን ቤት የሌለበት ሰፈር አለ? ልጆቹ በጨዋታ እየከፈሉ ፊፋ ሲገጥሙ ይውላሉ፣ ወላጅ «ሱስ ያዘው» ብሎ ያለቅሳል። ሃምሳ ሜትር አለፍ ብሎ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው አቧራ ላይ ይራገጣሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። የጌሙ ጎል ብቻውን ዋንጫ የማያስገኝ ከሆነ ያ ሶፋ ላይ የሚውለው ልጅ ሳይወድ በግዱ ይሮጣል። ለወላጅም ይሄ ከልመናና ከቁጣ የተሻለ መፍትሔ ይመስለኛል።

ሕጉን የጻፈው ይበላል ያልኩትን ደግሞ በብስክሌት ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የኢስፖርት የዓለም ሻምፒዮና አካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ ቤታቸው ውስጥ በተተከለ ብስክሌት እየነዱ፣ ዝዊፍት በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ተገናኙ። የሴቶቹን ውድድር ያሸነፈችው አፍሪካዊት ናት፦ ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ። ደስ ይላል። ግን ጨዋታው ፍጥነትህን በዋናነት የሚያሰላው ከምታመነጨው ዋትና ከክብደትህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንም ሰው እዚህ የሚያመነጨው ጉልበት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ያንሳል። በእውነተኛው መንገድ ላይ ስሱ አየር መልሶ ይክስሃል፣ የሚገፋህ ነፋስ ይቀንሳልና። ሳሎን ውስጥ በተተከለ ብስክሌት ላይ ግን ምን ነፋስ አለ? ይህንን ቆጥሮ ሕግ ውስጥ የሚያስገባ ሰው የሚመጣው ከደጋ ነው። ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ደንብ የሚጽፍ ሰው ትዝም አይለው፤ ክፋት ኖሮት አይደለም።

እኛ ደግሞ ሕግ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አዲሳችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፍ ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች። የአፓርታይዱ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ሲል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጥቷል። ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 ካፍን መርተዋል። ዛሬ በእግር ኳስ ደረጃችን የምንሳለቅ ልጆች፣ የአህጉሩን እግር ኳስ ቤት ከሠሩት ውስጥ መሆናችንን እንኳን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አሁን አዲሱ ቤት ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ኦሎምፒክ ኮሚቴው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሳዑዲ ጋር የኢስፖርት ኦሎምፒክ ለማዘጋጀት ተስማምቶ፣ በ2025 ስምምነቱ ፈረሰ። ትልልቆቹም ግራ ገብቷቸዋል ማለት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ መነጽሩ በዶላር ነው፤ እሺ፣ ሁሉም እውነት ነው። ለዚህ ነው በመነጽር እንጀምር የማልላችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ እንቅስቃሴ ያነባል። ኩኩሉንና ገበጣን በስልክ የሠሩት የቀኔ ጌምስ ልጆች እዚሁ አዲስ አበባ የበቀሉ ናቸው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ጉግስን ከማንም ሶፍትዌር አዳራሽ በፊት የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ።

ለመጀመሪያው ግን ኮድም አያስፈልግም። በዚህ ክረምት አንድ ሰፈር፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አንድ ሜዳ፣ ስምንት ቡድን። ሕጉን አሁኑኑ እንከራከርበት። በእኔ በኩል ጌሙ 10 ደቂቃ፣ ሜዳው 20 ደቂቃ ይሁን እላለሁ፤ ሜዳው ሊበልጥ ይገባዋል። በጌሙ መሃል መብራት ቢጠፋስ? የተቆጠረው ጎል ይጽና ወይስ ከዜሮ ይጀመር? እኔ ይጽና ባይ ነኝ። እናንተስ?